የአሥራ ሁለቱ ኤከር ቆጣሪ

ሰይፈሥላሴ ሲሞት ያለቀሰለት ሰው አልነበረም። ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በኦሃዮ ከጋሃና ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ፣ የተተከለውን በሚያመለክቱ ትናንሽ ነጭ ባንዲራዎች መካከል በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። የቆጠራ ቅጹን በአንድ እጁ እንደጨበጠ ነው፤ ሻይ የጠጣበት የፔርሙዝ ክዳን ከጎኑ ወድቋል። አምቡላንሱ እስኪደርስ ድረስ ሠራተኞቹ ራቅ ብለው ቆመው ያዩት ነበር እንጂ፣ ጃኬቱን አውልቆ ያለበሰው አልተገኘም።

ወሰንየለሽ ስልክ የተደወለላት ረቡዕ ማለዳ ነው። የካውንቲው የአሟሟት መርማሪ ናት። አሥራ አምስት ዓመት በነርስነት በሽተኞችን ስትሰማ ኖራ፣ አሁን ደግሞ መናገር ስለማይችሉት ትጠይቃለች። ሰው ሲዋሻት አትቆጣም፤ ትመዘግባለች። ይህ ጠባይዋ ሰውን ከቁጣ ይልቅ ያበሳጫል።

ሜዳው ላይ ስትደርስ በሚያዝያ አጋማሽ በረዶ ጥሎ ነበር፤ ኦሃዮ ወር አታውቅም። የፖሊስ መርማሪው ዶኖቫን ለቢሮ በቆመው ትሬይለር ደጃፍ ቆሞ ጠበቃት።

«ነገሩ አልቋል» አላት። «ሻዩ ውስጥ ሄምሎክ የሚባል መርዝ ተገኝቷል። ቅጠሉን የሰጠችው ሙኒራ የምትባለው ሠራተኛ ናት፤ ራሷም አልካደችም። አንቺን የፈለግሁሽ ቋንቋውን ስለምትችይ ብቻ ነው። ነገ ከሥራ መውጫ በፊት እወስዳታለሁ።»

«አስተርጓሚ ከፈለግህ በሰዓት የሚከፈላቸው አሉልህ» አለችውና አልፋው ገባች።

ነገሩን ለመረዳት ስለ ሜዳው ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ቤት ሠሪ ድርጅት ሰማንያ ቤቶች ሲሠራ፣ የአገሩ የጥንት ሣርና አበባ የነበረበትን መስክ ገልብጦ አጠፋው። ሕጉም ‹ያጠፋኸውን ያህል በሌላ ቦታ መልሰህ አብቅል› አለው። ድርጅቱ አሥራ ሁለት ኤከር መሬት ለየና ሥራውን ገብረኪዳን ለሚባል ኢትዮጵያዊ ተቋራጭ አሳለፈው። የተተከለው በየዓመቱ ይቆጠራል። ከአሥር ስምንቱ ካልጸደቀ የሁለተኛው ዙር ቤቶች ፈቃድ አይወጣም። ቆጣሪው ሰይፈሥላሴ ነበር፤ አገር ቤት የደን ባለሙያ የነበረ፣ ስድሳ አንድ ዓመት የሞላው፣ ሰው የማይወድ፣ ሣር የሚወድ ሽማግሌ። ሄምሎክ የሚሉትን መርዛማ አረም ለሠራተኞቹ ያስተማረውም እሱ ነው። ቅጠሉ እንስላል ይመስላል፤ ግንዱ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለበት፤ ሲያሹት የአይጥ ጉድጓድ ይሸታል። ሥራቸው ይህን እየነቀሉ የአገሩን ሣር መትከል ነበር።

ሙኒራ ትሬይለሩ ውስጥ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር። ከደሴ በዲቪ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው። ወሰንየለሽ ስትገባ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

«ስንት ጊዜ ልናገር? አርብ ዕለት ሰጥቼዋለሁ። የሰጠሁት ግን እንስላል ነው። እናቴ በላከችልኝ ዘር በረንዳዬ ላይ የማበቅለው እንስላል።»

«ሁልጊዜ ይሰድብሽ ነበር ይባላል። ለምን ሰጠሽው?»

«ማንን ያልሰደበ አለ? አርብ ስሰጠው ግን ከረጢቱን አፍንጫው ላይ አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ። ‹የእናትሽ ጓሮ ሸተተኝ› አለኝ። እዚህ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ እናቴን በደግ ያነሳልኝ እሱ ብቻ ነው። ልግደለው?»

«ሻዩን ቀምሰሽለታል?»

«ረመዳን ነው እኮ እትዬ! ውኃ እንኳ አልቀምስም። እሱም ሁዳዴ ላይ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አፉ ምንም አይገባም። ሌሎቹ ቀትር ላይ ይበላሉ። ስለዚህ ሻዩን የሚጠጣው ሁሌም ብቻውን ነው። ይሄን ደግሞ ሁሉም ያውቃል።» ድምጿ ተሰበረ፤ ወዲያው ግን መልሳ አጠነከረችው። «ያ ፖሊስ ‹ቻርጅ አደርግሻለሁ፣ እከስሻለሁ› ብሎኛል። የባሌ የቪዛ ፕሮሰስ ሦስት ዓመት ፈጅቶ አሁን ኢንተርቪው ደርሷል። እኔ ከታሰርኩ እሱም እዛው ቀረ፣ እኔም ዲፖርት ሆንኩ። እነዚህ አብረውኝ የሚሠሩት ደግሞ አንዳቸውም ‹እሷ አታደርገውም› አላሉም። ጻፊው።»

ወሰንየለሽ ጻፈችው። ከሥሩም አሰመረችበት።

ገብረኪዳን ሲገባ ጫማው ላይ ያለውን በረዶ እንኳ አላራገፈም።

«ልንገርሽ፣ አልወደውም ነበር» አለ ገና ሳይቀመጥ። «እንጀራዬን ሊዘጋ የመጣ ሰው ነው። ሦስት ዓመት ለፍቼ ‹ከአሥር የጸደቀው አራት ነው› ብሎ ሊፈርም! አምና ድርቅ መሆኑን አያውቅም? እግዚአብሔርን ልክሰስ?»

«ሰኞ ዕለት ተጣልታችኋል?»

«በየቀኑ ነው የምንጣላው። ንቀቱ ነው የሚያቃጥለኝ። ባለፈው ወር ትራኬ ውስጥ የቤንዚን ጀሪካን ፈሰሰ። እሱ መስኮት ዘግቶ እዛው ቁጭ ብሎ ቅጽ ይሞላል! ‹ሰውዬ፣ ቢያንስ ኮል አታደርገኝም?› ስለው ‹ምን ተፈጠረ?› ብሎ አፈጠጠብኝ። እንደዚህ ነው የሚንቀኝ።»

ብዕሯ ለአፍታ ቆመ። «መስኮቱ ተዘግቶ?»

«ጥርቅም ተደርጎ! እኔ ከሩቅ ሸትቶኝ ነው የመጣሁት።»

«አሁን ቆጠራውን ማን ይፈርማል?»

ገብረኪዳን ጉሮሮውን ጠረገ። «ረዳቱ፣ ቢሩክ። ትናንት ፈርሟል። ከአሥር ስምንት ተኩል።»

«ሰኞ አራት፣ ማክሰኞ ስምንት ተኩል» አለች ወሰንየለሽ። «ለምለም መሬት ነው ያለህ።»

«ሾርባ ውስጥ ዝንብ ፈላጊ ነሽ» ብሎ በሩን ደርግሞ ወጣ።

ቢሩክ ከሁሉም ጨዋው ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በአማርኛ ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች አገልጋይ ነው። ከመቀመጡ በፊት ፊቱን አጨፈገገና ወደ ጥግ ሄደ።

«ይሄ ሂተር ጋዝ ያፈሳል። አይሸትሽም እትዬ?» ቫልቩን ጠበቅ አደረገው። ወሰንየለሽ ወደ ማሞቂያው ጎንበስ ስትል ነው ገና የሸተታት።

«ሟቹን ወደ ሥራ የምታመጣው አንተ ነህ?»

«ጋሼ ሰይፈን ራይድ እሰጠው ነበር። ኢስትሙር ሰፈሩ ድረስ ሄጄ ከውጭ ሆርን አደርጋለሁ፣ ይወጣል። ቤቱ ገብቼ አላውቅም። ሰው የሚያስገባ ሰው አልነበረም።»

«ሻዩን ሲጠጣ አይተኸዋል?»

«አዎ። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ‹የሙኒራ እንስላል› ብሎ ጠጣ። እኔ ሰው ላይ መፍረድ አልፈልግም። ግን ያየሁትን ነው የምናገረው።»

ወሰንየለሽ ይህን ‹ግን› በደንብ ታውቀዋለች፤ ቢላዋ በጨርቅ ሲጠቀለል የሚሰጠው ስም ነው። «ሁለተኛው ዙር ውስጥ ቤት ይዘሃል አሉ።»

የጨዋነቱ ቀለም ትንሽ ለቀቀ። «ይሄ ወንጀል ነው? ባለቤቴ ናርዲ ሦስተኛ ልጃችንን ልትወልድ ነው። ፎረስት ፓርክ የሚሉት ሰፈር ቤዝመንት ውስጥ፣ ከመሬት በታች፣ ሁላችንም አንድ ክፍል ነን። ኮንትራቱ የወሩ መጨረሻ ላይ ኤክስፓየር ያደርጋል። ከዚያ በዛሬው ዋጋ ለሌላ ሰው ይሸጡታል። በዚህ ጊዜ ቤት የሚያገኝ ሰው አይተሻል? እኔ ደግሞ ለአንድ ሽማግሌ ሣር ስል ልጆቼን...» ዓረፍተ ነገሩን ዋጠው። «ይቅርታ። ሞቷል። ነፍሱን ይማር።»

ሐሙስ ማለዳ ወሰንየለሽ ፖሊስ የዘጋውን የኢስትሙር ቤት አስከፈተች። ዶኖቫን ቤቱን ከሰኞ ጀምሮ ዘግቶ ነበር፤ ውስጡን ለመፈተሽ ግን አልቸኮለም፤ ፔርሙዙም ሴትየዋም በእጁ ናቸዋ። ከፎቅ የሚኖሩት እትዬ መዓዛ ነጠላቸውን ሰብስበው ደረጃው ላይ ቆመው ወረዱባት።

«አሁን መጣችሁ? እሁድ አብሮኝ ሻይ ጠጥቷል፣ ሰኞ ሞተ ይሉኛል! ደረቅ ሰው ነው፣ እኔም አልወደውም፤ ቢሆንም ጎረቤቴ ነው።»

«የእሁዱን ሻይ ማን አፈላው?»

«እሱ ነዋ፣ እዚሁ ወጥ ቤቱ። ከብልቃጡ እንስላል ጨምሮ። ጥሩ እንስላል ነበር። ሁለት ስኒ ጠጣሁ፤ ይኸው ቆሜ አለሁ።»

«ከብልቃጡ ሲጨምር አይተውታል?»

«በዓይኔ። ከዚያ ደግሞ ልንገርሽ፤ ያን ዕለት ሽሮውን ምድጃ ላይ ጥዶ እያወራን ወደ ሳሎን ወጣን። እኔ ነኝ ‹አረረ!› ብዬ የሮጥኩት። እሱ ከእኔ ይልቅ ለወጥ ቤቱ ቅርብ ነበር። ጢሱ እስኪወጣ ምንም አላለም። እርጅና መሰለኝ።»

ወሰንየለሽ ወጥ ቤቱ ገብታ ማቀዝቀዣውን ከፈተችና ለረጅም ጊዜ ሳትዘጋው ቆመች። በየዕቃው ላይ ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። የአኩሪ አተር ወተቱ ላይ «ደህና፣ ሰኞ»። የምስር ወጡ ላይ «ይጣል፣ ሰኞ»። የተቀቀለው ጎመን ላይ «ደህና፣ ሰኞ»። ጽሕፈቱ ወደ ግራ የተጋደለ፣ ፈጠን ያለ የእጅ ጽሑፍ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው የሟቹ ማስታወሻ ደብተር ግን በቀጥ ያለ፣ እንደ ማሽን በተደረደረ ፊደል ተሞልቷል።

ከምድጃው ጎን የእንስላሉን ብልቃጥ አገኘችው። እሱም ፕላስተር አለው፦ «ደህና፣ ሰኞ»። በጓንት እጇ ጫፉን ቀስ አድርጋ ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ ሌላ ፕላስተር ነበር፦ «ደህና፣ አርብ»። ክዳኑን ከፈተችና የኮቪድ ማስኳን ዝቅ አድርጋ አሸተተች። እንስላል አለ፤ ከእንስላሉ ሥር ግን የአይጥ ጉድጓድ ነበር።

ብልቃጡን በማስረጃ ከረጢት አሽጋ ወደ መኪናዋ ሮጠች።

ከሥራ መውጫ በፊት ሁሉም ትሬይለሩ ውስጥ ተሰበሰቡ። ገብረኪዳን በሩ ጋ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ቢሩክ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ሙኒራ ከሁሉም ተለይታ ጥግ ይዛለች፤ ከእሷ ጎን ያለውን ወንበር የፈለገው የለም። ዶኖቫን ካቴናውን ቀበቶው ላይ እየነካካ ቆሟል። ወሰንየለሽ በአማርኛ ትናገራለች፤ በየመሃሉ ለዶኖቫን በእንግሊዝኛ አሳጥራ ታቀብለዋለች።

«መጀመሪያ አንድ ነገር እናንሳ» አለች። «ሄምሎክ ሲያሹት ይከረፋል። ሻይ ውስጥ ቢገባም ይሸታል። እንስላል እየሸተተው ያደገ ሰው እንዴት ሳያውቅ ጠጣው?»

«ማስክ አድርጎ ይሆናላ» አለ ገብረኪዳን።

«በማስክ ሻይ አይጠጣም። ቤንዚኑም ያልሸተተው ንቆህ አይደለም። ሽሮውም ከጎኑ ሲያር አልሸተተውም። ሰይፈሥላሴ ማሽተት አይችልም ነበር።»

ገብረኪዳን አፉ ተከፈተ። «እኔን... አልነገረኝም እኮ!»

«ለአንተማ ጨርሶ አይነግርህም። ቅጠል አሽቶ በጠረኑ የሚለይ ባለሙያ አፍንጫው መሞቱን ብታውቅ፣ ‹ቆጠራው አይታመንም› ብለህ በማግስቱ ታባርረው ነበር።»

ገብረኪዳን ዓይኑን ወደ ሰዓቱ መለሰ፤ ለማባረር ምክንያት ሲፈልግ የከረመ ሰው ነውና።

«አሁን ወደ ገዳዩ። ጤነኛ አፍንጫ ላለው ሰው ሄምሎክ የሚያፈላ ሞኝ ነው፤ ገና ሳይጠጣው ይያዛል። ስለዚህ ገዳዩ ሟቹ እንደማይሸተው በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው ነው። ገብረኪዳን አያውቅም፤ ቢያውቅማ ይጠቀምበት ነበር። ሙኒራ ደግሞ...» ወደ ጥጉ ዞረች። «ሙኒራ ‹የእናትሽ ጓሮ ሸተተኝ› ብሎኛል አለችኝ። ይህን የምታምን ሴት ሄምሎክ አትሰጠውም።»

ሙኒራ ቀና አለች። «አልሸተተውም ነበር?»

«ምንም አልሸተተውም።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አለኝ?»

«ደስ እንዲልሽ ነዋ» አለች ወሰንየለሽ፤ ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ላላ። ሙኒራ ፊቷን በሻሽዋ ጫፍ ሸፈነች።

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው» አለ ዶኖቫን። «ቅጠሉ ከእሷ ነው የመጣው።»

«ከእሷ የመጣው እሁድ ድረስ ንጹሕ ነበር። እሁድ ጎረቤቱ ከዚያው ብልቃጥ የተፈላውን አብራው ጠጥታለች፤ ሁለቱም ደህና አደሩ። መርዙ ብልቃጡ ውስጥ የገባው ከእሁድ በኋላ፣ ሰኞ ማለዳ ሻዩን ከማፍላቱ በፊት ነው። ቤቱ ውስጥ ነው ነገሩ የተፈጸመው፣ እዚህ ሜዳ ላይ አይደለም።» ከቦርሳዋ የማቀዝቀዣውን ፎቶዎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «ማሽተት የማይችል ሰው ብቻውን ሲኖር የተበላሸ ምግብ ይፈራል። ሰይፈሥላሴ ደግሞ ጠንቃቃ ነበር። አፍንጫ ተዋሰ። አንድ ሰው በየማለዳው፣ አንዳንዴም ማታ፣ እየገባ ያሸትለታል፤ ያልተበላሸውን ‹ደህና›፣ የተበላሸውን ‹ይጣል› ብሎ ይለጥፍበታል። ያ ጽሑፍ ካልተለጠፈበት ሽማግሌው አይቀምስም። እንስላሉም ላይ አለ፤ አርብ አንድ፣ ሰኞ አንድ።»

የማክሰኞውን የቆጠራ ቅጽ ከፎቶዎቹ ጎን አኖረችው። ከአሥር ስምንት ተኩል። ወደ ግራ የተጋደለ፣ ፈጠን ያለ ጽሑፍ።

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እሺ፣ አሸትቼለታለሁ» አለ ቢሩክ፤ ከንፈሩ ደርቋል። «ደግ ሥራ ነው፣ ሰው እንዳያውቅበት ብዬ ደበቅኩ። እኔም እኮ እንደ እሱ ኮቪድ ይዞኝ ነበር! ያኔ ሰኞ አልሸተተኝ ይሆናል።»

«ረቡዕ የዚህን ሂተር ጋዝ ከእኔ ቀድመህ አሽተሃል» አለችው። «አፍንጫህ ከእኔ ይሻላል። ያንን ብልቃጥ ከፍቶ ‹ደህና› ብሎ የሚጽፍ ሰው ወይ አፍንጫ የለውም፣ ወይ ውስጡ ያለውን ራሱ አስገብቶታል። አርብ የለጠፍከው በቂ ነበር፤ አዲስ ቅጠል ካልተጨመረ ሰኞ ድጋሚ ለምን ታሸትታለህ? አዲስ ነገር ሲገባ አዲስ ፕላስተር ይፈልግ ነበር፣ አይደለም? ‹ሙኒራ ተጨማሪ ላከችልህ› አልከው?»

ቢሩክ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ፕላስተሩን ልታነሳው አስበህ ነበር። ግን በሩን ሁሌ የሚከፍትልህ እሱ ነው፤ ቁልፍ የለህም። ፖሊስ ደግሞ ዘጋው።»

ቢሩክ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሲናገር ጨዋነቱ ሁሉ ተገፍፎ፣ ሥሩ የነበረው ጥላቻ ብቻ ቀረ።

«ከጥር ጀምሮ» አለ። «ከጥር ጀምሮ በየማለዳው! ወተቱን አሸትቼለታለሁ፣ ወጡን አሸትቼለታለሁ፣ ካልሲውን ሳይቀር። ‹እግዜር ይስጥልኝ› የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም። አንድ ፊርማ ለመንኩት። ናርዲን አምጥቼ በእግሩ ላይ ላስወድቃት ብዬዋለሁ። ‹ያልበቀለ ሣር በቅሏል አልልም› አለኝ። ሣር! ልጆቼ ሻጋታ እየተነፈሱ ያድራሉ፣ እሱ ሣር ይለኛል!»

«ሙኒራንስ?» አለች ወሰንየለሽ። «እሷ ምን አድርጋህ ነው?»

ቢሩክ ወደ ጥጉ አየ፤ እዚያ ሰው መኖሩን ገና አሁን ያስታወሰ ይመስል ነበር። «እሷን አላሰብኳትም» አለ። ከተናገረው ሁሉ ሙኒራን ያደማት ይህ ነበር።

ዶኖቫን ካቴናውን አወጣ። ቢሩክን ይዞ ሲወጣ ለወሰንየለሽ ራሱን ነቀነቀላት፤ ለሙኒራ ግን ይቅርታ አላላትም። እሷም የጠበቀች አትመስልም።

መኪናው ከሄደ በኋላ ገብረኪዳን ወንበሩን ጎትቶ ሙኒራ ፊት ተቀመጠ። ድምጹ በአንድ ጊዜ ማር ሆነ።

«ሙኒራዬ፣ እኔ እኮ ውስጤ ያውቅ ነበር። ያለፈው አለፈ። ያ ቅጽ አሁን ዋጋ የለውም፣ ቆጠራው እንደገና መሠራት አለበት። ሰይፈሥላሴ ቆጠራ ያሠለጠነው ሰው ደግሞ ካንቺ በቀር አልቀረኝም። ረዳት ቆጣሪ አይደለም፣ ዋና ቆጣሪ አደርግሻለሁ። እስቲ እንደ እህትና ወንድም...»

«ማክሰኞ ፖሊሱ ‹እሷ ናት ወይ?› ሲልህ ምን አልከው?»

«እኔ... ‹አላውቅም› ነው ያልኩት።»

«ሦስት ዓመት አብሬህ ሠርቼ አላውቃትም አልክ።» ሙኒራ ተነስታ ባዶውን ቅጽ ከመደርደሪያው አወረደች። ብዕር ከወሰንየለሽ እጅ ተቀበለች፤ ከላይ ስሟንና ቀኑን ጻፈች። «ነገ ጠዋት እጀምራለሁ። እያንዳንዷን ባንዲራ እየሄድኩ አያለሁ። የጸደቀውን ጸደቀ፣ የሞተውን ሞተ እላለሁ።»

«የሚሆነውን ታውቂያለሽ?» አለ ገብረኪዳን፤ ማሩ አልቆበት ነበር። «ፈቃዱ አይወጣም። ድርጅቴ ይዘጋል። አንቺም ሥራ የለሽም። እነዚያ ሁሉ ቤት የሚጠብቁ ሰዎች ይረግሙሻል!»

«ዛሬስ ማን መረቀኝ?» አለችው ሙኒራ።

ቅጹን አጥፋ ኮቷ ውስጥ ከተተችና ወደ ውጭ ወጣች። ሜዳው ላይ በረዶው ቀልጦ ነበር። ወሰንየለሽ በመስኮቱ ስታያት፣ ሙኒራ ነገን አልጠበቀችም፤ የመጀመሪያው ባንዲራ ጋ ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ እየገፈፈች ነበር።